ከጂኤንኤስ 430 ወደ ዋአስ፦ ሳጥኑን መቀየር ብቻ ይበቃል?

ላይኛው_ክንፍ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአቪዮኒክስ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሐሳብ እንድትሰጡኝ ነው። አውሮፕላኗ ሴስና 182ኤስ ናት፤ የ1998 ሥሪት፣ ባለ 28 ቮልት፣ ማረፊያዋ ቨርጂኒያ። ፓነሉ ላይ ያለው ጂፒኤስ ጋርሚን ጂኤንኤስ 430 ነው፤ ዋአስ (የጂፒኤስን ስሕተት በሳተላይት በኩል የሚያርመው የአሜሪካ ሥርዓት) የሌለው የመጀመሪያው ዓይነት። አንቴናው ጂኤ 56፣ ጠቋሚው ጂአይ 106ኤ፣ አውቶፓይለቱ ባለ ሁለት አክሲስ ኬኤፒ 140። ትራንስፖንደሩ የራሱ ጂፒኤስ ያለው ጂቲኤክስ 345 ስለሆነ የኤዲኤስ-ቢ (ቦታን በራዲዮ የማሳወቅ) ጉዳይ ተዘግቷል።

የሚፈለገው ኤልፒቪ አፕሮች ነው፤ ዋአስ በአቅጣጫም በከፍታም እየመራ ወደ ማረፊያ የሚያወርድበት አቀራረብ። አሁን ባለው ሳጥን ከኤልናቭ ሚኒማ (በአቅጣጫ መሪ ብቻ ሲበረር ከሚፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ) በታች መውረድ አይቻልም። ሦስት መንገድ አለ፦ ያገለገለ 430ደብሊው (ዋአስ ያለው 430) ገዝቶ እዚያው ትሬይ (የሳጥኑ መያዣ) ውስጥ መክተት፣ አቪዳይን አይኤፍዲ 440 ማስገባት፣ ወይም ጂቲኤን 650ኤክስአይ ማሠራት። ሻጮቹ «የድሮውን ስበህ አዲሱን መክተት ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም» ይላሉ። አንቴናውና ኬብሉ ሳይነካ በእርግጥ ይሠራል? ኬኤፒ 140ስ ግላይድፓዙን (የመውረጃ መስመሩን) ይይዛል? ደግሞ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ሳተላይት እየመጣ ነው ይባላል፤ እሱን መጠበቅ ይሻላል?

ሽቦና_ፒን

ሰላም ወንድሜ። የሻጮቹ አባባል ለትሬዩና ለኮኔክተሮቹ እውነት ነው። 430ደብሊው ያው ትሬይ ውስጥ ይገባል፤ ከኋላ ያሉት ባለ 78 ፒኑ ፒ4001፣ ባለ 44 ፒኖቹ ፒ4002ና ፒ4006 በቦታቸው ይገጥማሉ። ሳጥኑ በርቶ ካርታም ያሳይሃል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለበራ ያለቀ ይመስለዋል።

አንቴናው የግድ ይቀየራል። ጂኤ 56 በቲኤስኦ-ሲ129 (በቀደመው የጂፒኤስ መሣሪያ መስፈርት) ዘመን ለነበረው ተቀባይ የተሠራ ነው። 430ደብሊው ግን የቲኤስኦ-ሲ146 (የዋአስ መስፈርት) ጋማ 3 መሣሪያ ነው፤ የጸደቀውም ከዋአስ አንቴና ጋር ብቻ ነው። የዋአስ እርማት የሚመጣው ከምድር ወገብ በላይ በቆሙ ሳተላይቶች በኩል ነው። እነዚህ ሳተላይቶች ከቨርጂኒያ ሲታዩ ወደ ደቡብ ዘንበል ብለው ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አውሮፕላኗ ክንፏን ባጋደለች ቁጥር አንቴናው የሚያያቸው በጎኑ ነው። ደካማ አንቴና መጀመሪያ የሚጥላቸው እነሱን ነው።

ምርጫህ ጂኤ 35 ወይም ጂኤ 36 ነው። ጂኤ 36 በጂኤ 56 የብሎን ቀዳዳ ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ስለሆነ ቆርቆሮ አዲስ መብሳት አያስፈልግም። ጂኤ 35 የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው፣ የአሪንክ 743 ቀዳዳ አቀማመጥ የሚከተል ነው፤ ለሱ የድሮውን ቀዳዳ በማጠናከሪያ ሳህን መድፈንና አዲስ መብሳት ይመጣል። ወደፊት ጂቲኤን ለመግጠም የምታስብ ከሆነ ጂኤ 35 መግጠሙ ድካሙን ይክሳል፤ ካልሆነ ጂኤ 36 ይብቃህ። ከማሰርህ በፊት ከአንቴናው ሥር ያለውን ቀለምና ዝገት እስከ ንጹሕ ብረቱ አጽዳ። ሲታሰር በአንቴናው መሠረትና በአውሮፕላኑ ቆዳ መካከል ያለው ተቃውሞ ከ3 ሚሊኦም በላይ መሆን የለበትም። ጠርዙን የምትደፍንበት ሲሊኮን ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ዓይነት አይሁን፤ አልሙኒየም ይበላል። በአንቴናው ጉልላት ላይ ቀለም የሚባል ነገር አይነካም።

አሁን ስለ ኬብሉ። ብዙዎቹ የድሮ አውሮፕላኖች ላይ የምታገኘው አርጂ-58 ነው፤ ባለ አንድ ሽፋን ስለሆነ የራዲዮ ጩኸት ያስገባል፣ በ1575.42 ሜጋኸርዝ ላይ ደግሞ ብዙ ይበላል። መተካት ያለበት ባለ ሁለት ሽፋን በሆነው አርጂ-400 ወይም አርጂ-142ቢ ነው። ለ400ደብሊው ቤተሰብ ከአንቴና እስከ ሳጥን ያለው ጠቅላላ ብክነት ከ1.5 ዴሲቤል ማነስ፣ ከ6.5 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። የላይኛውን ወሰን ሁሉም ያስታውሳል፤ የታችኛውን ግን ይረሱታል። አንቴናው ውስጥ ማጉያ አለ፤ ኬብሉ በጣም አጭር ከሆነ ሲግናሉ ከመጠን በላይ ጠንክሮ ተቀባዩን ያጨናንቀዋል። አርጂ-400 በሜትር 0.65 ዴሲቤል አካባቢ ይበላል። ላይኛ ክንፍ ሴስና ላይ አንቴናው ጣሪያው ላይ ስለሆነ ከሳጥኑ ጋር ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ቴክኒሺያኑ በንጽሕና ብሎ አሳጥሮ ከቆረጠው ከ1.5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይተውለትና ትርፉን ሰፋ አድርጎ ጠቅልሎ ይሰረው፤ ጥቅልሉ ከ25 ሚሊሜትር ራዲየስ በታች እንዳይጠብ።

የድሮውን ሳጥን ከመንቀልህ በፊት ሴቲንጉን ገልብጥ። ኢኤንቲ የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ይዘህ አብራው፤ የጥገና ገጾቹ ውስጥ ይገባል። በቀኝ ያለውን ትንሹን ቁልፍ እያዞርክ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሣ፦ የአሪንክ 429፣ የአርኤስ-232፣ የግብዓቶች፣ የመብራት፣ የሲዲአይና ኦቢኤስ፣ የኮም፣ የቪኦአር። አዲሱ ሳጥን እነዚህን አያውቃቸውም። በተለይ የመብራቱ ገጽ ከተዘለለ ማታ ላይ ስክሪኑ ዓይን የሚወጋ ወይም ጭራሽ የማይታይ ይሆናል።

ሳጥኑን የምትፈታው በፊት ገጹ ላይ ባለችው ቀዳዳ በ3/32 ኢንች የአለን ቁልፍ ነው። ስታስገባ ደግሞ ብሎኑ እየሳበ እንዲያስገባልህ አታድርግ። በእጅ እስከ መጨረሻው ገፍተህ ከዚያ ብቻ አጥብቅ። በኃይል ከጠበቀ መያዣው ይሰበራል፤ ያኔ ሳጥኑ ትሬዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ኤልፒቪ200

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ስለ ቋሚው መርፌ (ጠቋሚው ላይ ከመውረጃ መስመሩ በላይ ወይም በታች መሆንህን የሚያሳየው) እና ስለ አውቶፓይለቱ ልጨምር።

ዋአስ በሌለው 430 ላይ ግላይድስሎፕ (የመውረጃ መስመር ምልክት) የሚባል ነገር የሚመጣው ከአይኤልኤስ (ከምድር ላይ የማረፊያ ራዲዮ) ብቻ ነበር። ስለዚህ ብዙ ቦታ የጂአይ 106ኤ ቋሚ መርፌና ባንዲራ በቀጥታ ከፒ4006 የግላይድስሎፕ ውጤት ላይ ታስሯል። ያ ውጤት የሚነግርህ የአይኤልኤስ ተቀባዩን ብቻ ነው። ኤልፒቪ ስትበር ሳጥኑ ግላይድፓዝ ያሰላል፣ በስክሪኑ ላይ ኤልፒቪ ይጽፋል፣ ጠቋሚው ላይ ግን መርፌው አይነቃነቅም፣ ባንዲራውም አይነሣም። መፍትሔው በደብሊው መጫኛ ማኑዋል ስዕል መሠረት የቋሚውን መርፌ ሽቦዎች ከፒ4006 አንሥቶ ፒ4001 ላይ ወዳለው ዋና ቋሚ ውጤት ማዛወር ነው። ያ ውጤት በጂፒኤስም በአይኤልኤስም ይሠራል። የድሮውን የሽቦ ስዕል ሳያዩ «መርፌው አልሠራም፣ ሳጥኑ ተበላሽቷል» ብለው ደህናውን ዕቃ የሚመልሱ አሉ፤ ስዕሉን ከሥራው በፊት ከአውሮፕላኑ ሰነድ አውጣው።

ኬኤፒ 140 ግላይድስሎፕን የሚያዘጋጀው አይኤልኤስ ኢነርጃይዝ የሚባለው ሽቦ ዝቅ ሲልለት ነው። ዋአስ የሌለው ሳጥን ሽቦውን ዝቅ የሚያደርገው ሎካላይዘር (የአይኤልኤስ የአቅጣጫ ምልክት) ሲያዝ ነበር። በ430ደብሊው ላይ በሴቲንጉ ኤልፒቪንም እንዲያካትት መደረግ አለበት። አንዳንድ የኬኤፒ 140 አገጣጠሞች ላይ ደግሞ ፓይለቱ ራሱ እንዲያነቃው ይጠይቃል፦ አፕሮቹ ሲገባ በፕሮክ (የአፕሮች መምረጫ) ገጽ ላይ የአውቶፓይለቱን የአፕሮች ውጤት አንቃ የሚል መስመር ይወጣል። እሱን ሳትመርጥ ኤፒአርን (የአውቶፓይለቱን የአፕሮች ቁልፍ) ብትጫን አውቶፓይለቱ አቅጣጫውን ይዞ ይሄዳል፣ ግላይድፓዙን ግን አይይዝም። ይህ ብልሽት አይደለም። በበረራ ማኑዋሉ ማሟያ ላይ ተጽፏል፤ ቼክሊስትህ ላይ በደማቁ አስገባው።

ጠቋሚህ ኤችኤስአይ (ሄዲንግንና ኮርስን በአንድ ላይ የሚያሳይ ጠቋሚ) ስላልሆነ ኬኤፒ 140 ኮርሱን የሚያውቀው ከሄዲንግ ምልክቱ ነው። ናቭ ወይም ኤፒአር ስትጫን ኤችዲጂ የሚለው ለአምስት ሰከንድ ብልጭ ድርግም ይላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሄዲንግ ምልክቱን ኮርሱ ላይ አስቀምጥ። ግላይድፓዙንም ከታች ጠብቀው፤ ከላይ ሆኖ ለማሳደድ የተሠራ አይደለም።

አዲሱ ሳጥን ኸልዲንግ (በአንድ ቦታ እየዞሩ መጠበቅ) እና ፕሮሲጀር ተርን (ወደ አፕሮቹ መስመር ዞሮ መመለስ) ራሱ ይመራል። ኬኤፒ 140 ግን ዲጂታል የሮል ትእዛዝ በቀጥታ አይቀበልም፤ መሃል ላይ ትእዛዙን ወደ ሄዲንግ ምልክት የሚቀይር ሳጥን ካላስገባህ በስተቀር መታጠፊያዎቹን በእጅህ ነው የምትዞራቸው። ለኤልፒቪ ግዴታ አይደለም። ፓነሉ ተከፍቶ ሳለ ማስገባቱ ግን በኋላ ለብቻው ከማስከፈት በጣም ይቀልላል።

መርፌው ላይ የሚታይ ልዩነትም አለ። በመንገድ ላይ የድሮው ሙሉ ስኬል (መርፌው ጠርዝ የሚደርስበት ርቀት) 5 ኖቲካል ማይል ነበር፤ በደብሊው 2 ነው። ተርሚናል 1፣ አፕሮች 0.3፤ ኤልፒቪ ላይ ደግሞ እንደ ሎካላይዘር እየጠበበ ይሄዳል። የቦታ ስሌቱም በሰከንድ አንዴ የነበረው አምስት ጊዜ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ በረራዎች መርፌው በጣም ስሱ ሆኖብኛል የሚል ሰው ካለ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ከመነሻው ጀምሮ ማየት ያለብህ ደግሞ የአፕሮቹን ደረጃ ነው። ወደ ኤፍኤኤፍ (የመጨረሻው አፕሮች መጀመሪያ ነጥብ) 2 ኖቲካል ማይል ገደማ ሲቀር ስክሪኑ ከተርም ወደ ኤልፒቪ ይቀየራል። ለኤልፒቪ የአግድም ማንቂያ ወሰኑ 40 ሜትር፣ የቋሚው 50 ሜትር ነው፤ ዲሲዥኑ (የመወሰኛ ከፍታው) እስከ 200 ጫማ ለሚወርድ የቋሚው 35 ሜትር ይሆናል። ሳጥኑ ይህን ማረጋገጥ ካልቻለ አፕሮቹ ዝቅ ብሏል፣ የኤልናቭ ሚኒማ ተጠቀም የሚል መልእክት ይሰጣል። ያኔ ቋሚው መርፌ መምራቱን ያቆማል። ስለዚህ የኤልናቭ ሚኒማ ሁልጊዜ ከጎን ተጽፎ ይጠብቅህ።

ሀንጋር_7

የሳጥን ምርጫው ላይ በቀጥታ ልናገር፤ ብዙ ሰው ዋጋ ብቻ ዓይቶ ይወስናል፣ ኋላም ይቆጨዋል።

ያገለገለ 430ደብሊው ርካሽ የሚመስለው ሳጥኑን ብቻ ስታይ ነው። መጀመሪያ የፓርት ቁጥሩን አንብብ፦ ደብሊው በ011-01060 ይጀምራል፣ ዋአስ የሌለው በ011-00280። ፎቶ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ቀጥሎ ቮልቴጁን እይ፤ 430ኤደብሊው 16 ዋት የሚያስተላልፍ ሲሆን የሚሠራው በ28 ቮልት ብቻ ነው። ላንተ አውሮፕላን ይሆናል፤ ለባለ 14 ቮልት ጓደኛህ ግን አይሆንም። የ8130-3 ሰነድ (የዕቃው የብቁነት ማረጋገጫ) የሌለውን አትንካ። የሰነዱን ሲሪያል ቁጥር ከሳጥኑ ጀርባ ካለው ጋር በዓይንህ አመሳክር፤ ገንዘብ ከማስተላለፍህ በፊትም አንድ ዲለር ያጣራልህ። ይህ ሳጥን ከአውሮፕላን ላይ ከሚሰረቁ ዕቃዎች ዋነኛው ነው፤ ሳታውቅ የሰው ንብረት ልትገዛ ትችላለህ።

ትልቁ ጥያቄ ግን ዕድሜው ነው። ጂኤንኤስ 430 የ1998 ዲዛይን ነው፣ ጂቲኤን በ2011 ተክቶታል። የመለዋወጫ፣ በተለይም የስክሪን ጉዳይ እየጠበበ ሄዷል። አንቴና፣ ኬብል፣ የሽቦ ማዛወር፣ የሰነድ ሥራ ሁሉ ከፍለህ መሃሉ ላይ የምታስቀምጠው ሳጥን ስክሪኑ ሲሄድ የማይጠገን ከሆነ ምን ዋጋ አለው? የራስህን 430 ወደ ፋብሪካ ልኮ የማሳደጉን ሐሳብም ቢሆን ሳጥኑ ከመነቀሉ በፊት ዲለሩ በጽሑፍ ያረጋግጥልህ።

አይኤፍዲ 440 ላንተ ሁኔታ መሃለኛው መንገድ ነው። ለጂኤንኤስ 430 ትሬይና ኮኔክተር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የፓነሉ ቆርቆሮም የሽቦው ጥቅልም አይነካም። ሆኖም ዋአስ ከሌለው 430 ነው የምትነሣው፤ አንቴናው፣ ኬብሉና የቋሚው መርፌ ሽቦ ልክ እንደ 430ደብሊው ይሠራሉ። «ስበህ ክተት» የሚለው ቃል ሙሉ በሙሉ እውነት የሚሆነው ከ430ደብሊው ወደ አይኤፍዲ 440 ለሚሄድ ሰው ነው። የአጠቃቀሙ አስተሳሰብም ከጋርሚን ይለያል፤ ደመና ውስጥ ከመግባትህ በፊት ሲሙሌተሩ ላይ እጅህን አፍታ።

ጂቲኤን 650ኤክስአይ በቁመት ከ430 ጋር እኩል ነው፣ 2.65 ኢንች። ስለዚህ ፓነሉ ላይ ያለው ክፍተት ይበቃዋል። ትሬዩና ኮኔክተሮቹ ግን አዲስ ናቸው፤ ከኋላ ያለው ሽቦ በሙሉ እንደገና ይቀጠላል። ክፍያው ላይ የሚከብደው የእጅ ሥራው ነው። በምላሹ የምታገኘው አሁን እየተመረተ ያለ፣ ከጂቲኤክስ 345ህ ጋር ትራፊክና አየር ጠባይ በቀጥታ የሚለዋወጥ ሳጥን ነው። አውሮፕላኗን ለብዙ ዓመት የምትይዛት ከሆነ እኔ ገንዘቤን እዚህ ነው የማደርገው። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የምትሸጣት ከሆነ አይኤፍዲ 440። ያገለገለ 430ደብሊው ትርጉም የሚሰጠው ሰነዱ የተሟላ፣ ስክሪኑ ንጹሕ፣ ዋጋው በጣም የወረደ ዕቃ በእጅህ ከገባ ብቻ ነው።

ከቦሌ_ማዶ

ሰላም። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ሴስና ካራቫን ላይ ያለ ዋአስ የሌለው ጂኤንኤስ 530 ወደ ደብሊው ወይም ወደ ሌላ ስለመቀየር እየተነጋገርን ነው። እኛ ጋ ኤልፒቪ ይገኛል? ካልተገኘስ ወጪው ምን ያመጣልናል?

ኤልፒቪ200

@ከቦሌ_ማዶ፣ ኤልፒቪ ብለህ ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ አታገኝም። ዋአስ በ2003 ሥራ ሲጀምርም ሆነ ዛሬ የሚያገለግለው ሰሜን አሜሪካን ነው። አቻው ኢግኖስ ለሕይወት ደኅንነት አገልግሎት በ2011 የተከፈተው ለአውሮፓ ነው። ጋጋን የህንድን የአየር ክልል ነው የሚሸፍነው። የኢግኖስ ሳተላይቶች ከአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ከፍ ብለው ይታያሉ፤ የሳተላይት ገጹ ላይ ቁጥራቸውን ልታየው ትችላለህ። ሳተላይቱ መታየቱ ግን አይበቃም። እርማቱ የሚሰላው በዋናነት አውሮፓና አካባቢዋ ላይ በተተከሉ ጣቢያዎች ስለሆነ ለናንተ ሰማይ የቋሚው ጥበቃ 50 ሜትር ውስጥ አይገባም። ጂኤንኤስም ሆነ ጂቲኤን ቢኖርህ የምትበረው በኤልናቭ ሚኒማ ነው። የኤልናቭ/ቪናቭ ሚኒማ ባሮ-ቪናቭ (በአየር ግፊት ከፍታ የሚሰላ የመውረጃ መስመር) ላላቸው አውሮፕላኖች የወጣ ሲሆን በነዚህ ሳጥኖች ከኤስባስ (እንደ ዋአስና ኢግኖስ ያሉት የእርማት ሥርዓቶች የወል ስም) ሽፋን ውጭ አይበረርም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ የቲኤስኦ-ሲ146 ተቀባይ የተሳሳተችውን ሳተላይት ለይቶ የማስወጣት አቅም አለው። የድሮው ሬይም (የተቀባዩ የራስ ፍተሻ) አምስት ሳተላይት ይዞ ስሕተት መኖሩን ይነግርህና ይተውሃል፤ አዲሱ ስድስት ካሉት ጥፋተኛዋን አስወጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። የምድር መርጃ በሚሳሳበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የቀን ቆጠራው። ጂፒኤስ ሳምንቱን በ10 ቢት ስለሚቆጥር በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በ1999 ነሐሴ እና በ2019 ሚያዝያ ሆኗል፣ ቀጣዩ በ2038 ኅዳር ነው። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ የቆዩ ተቀባዮች የተሳሳተ ቀን ያሳያሉ፤ ቀኑ ከተሳሳተ የሬይም ትንበያውም የዳታቤዙ የማብቂያ ማስጠንቀቂያም ይሳሳታል። ሦስተኛ፣ ያው አውሮፕላን ለጥገና ወይም ለሽያጭ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ከሆነ ዋጋው ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2018/1048 መሠረት ከ2030 ሰኔ 6 ጀምሮ አሠራሩ በፒቢኤን (በዋናነት በሳተላይት የሚመራ የአቅም መስፈርት ያለው በረራ) ብቻ ይሆናል።

የዳታቤዝ ግዢ ላይ ተጠንቀቁ። ያገለገለ ሳጥን ከአሜሪካ ሲመጣ ካርዱ የአሜሪካ አህጉር ዳታ ይዞ ነው። አፍሪካን የያዘውን ክልል አስቀድማችሁ ማዘዝ አለባችሁ፤ የደብሊውና የድሮው ዳታም አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። የቴሬይን ካርዱም ለብቻው ይታያል።

ቪኦአርና አይኤልኤሱን አትንቀሉት። በቀይ ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ የጂፒኤስ ማወክና ማሳሳት በሰፊው ሲዘገብ ቆይቷል። ሳጥኑ በተሳሳተ ሲግናል ከተመታ የተሳሳተውን ቀንና ቦታ ይዞ ይቆያል፤ ከአካባቢው ወጥተህም ላይታረም ስለሚችል አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል። ያኔ የሚመራህ የምድሩ ራዲዮ ነው።

ላይኛው_ክንፍ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ጂቲኤን ማዘንበል ጀምሬያለሁ። ሁለት ነገር ቀረ። የድሮው ኮም ራዲዮ ቁጥር ሁለት ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ሲያወሩበት ጂፒኤሱን ይጥላል የሚባለውን እንዴት ነው የሚፈተሸው? የባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲውንም ጉዳይ ማንም አልመለሰልኝም።

ሽቦና_ፒን

ፍተሻው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይሠራም፣ ወይም በአንድ ራዲዮ ብቻ ይሠራል። የቪኤችኤፍ ኮም ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲው ብዜት) ልክ ጂፒኤስ ላይ ይወድቃል። 121.185 ሜጋኸርዝን በ13 ብታባዛ 1575.4 ይመጣል፤ 131.285ን በ12 ብታባዛም እንዲሁ። ስለዚህ አውሮፕላኗን ከሀንጋር አውጥተህ ሰማይ ገላጣ ቦታ ላይ አቁማት። የሳተላይት ገጹን ክፈት፣ ቦታ እስኪይዝና ባሮቹ ላይ «ዲ» ምልክት (የዋአስ እርማት መያዙን የሚያሳይ) እስኪወጣ ጠብቅ። ከዚያ በ121.150፣ 121.175፣ 121.200፣ 131.250፣ 131.275 እና 131.300 ላይ በእያንዳንዱ ለ35 ሰከንድ አስተላልፍ፤ 8.33 ኪሎኸርዝ ያለው ራዲዮ ከሆነ 121.185፣ 121.190፣ 131.285 እና 131.290ን ጨምር። በኮም አንድ ስትጨርስ በኮም ሁለት ድገመው። ባሮቹ ከወደቁ ወይም ቦታው ከጠፋ ችግር አለ ማለት ነው። የጂቲኤክስ 345ንም ጂፒኤስ አብረህ ተመልከት፤ እሱም ያው ሰማይ ነው የሚያየው። ከማስተላለፍህ በፊት ፍሪኩዌንሲው ላይ ማንም አለመኖሩን አድምጥ።

ጥፋተኛው ሁልጊዜ ኮሙ ራሱ አይደለም። ኢኤልቲ (የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊው) የኮሙን ሲግናል ተቀብሎ ሃርሞኒክ አድርጎ መልሶ ሊያሰራጭ ይችላል። ለማወቅ የኢኤልቲውን አንቴና ኬብል ለጊዜው ንቀልና ፍተሻውን ድገም፤ ችግሩ ከጠፋ ማጣሪያው የሚገባው በኢኤልቲው ኬብል ላይ ነው። ካልጠፋ በኮሙ ኬብል ላይ ኖች ፊልተር (ያን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚቆርጥ ማጣሪያ) ይገባል። ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን አቀማመጡ ነው፦ ቦታ እስካለ ድረስ የጂፒኤሱን አንቴና ከኮም አንቴና ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው፤ የጂፒኤሱና የኮሙ ኬብልም በአንድ ማሰሪያ ታስረው አብረው አይሂዱ።

መሬት ላይ ደህና ሆኖ በበረራ ላይ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ከሳጥኑ በፊት ኮኔክተሩን ጠርጥር። የቲኤንሲ (የአንቴና ኬብሉ ኮኔክተር) መሃል ፒን ትንሽ ወደ ኋላ ከገባ መሬት ላይ ይነካል፣ ንዝረት ሲመጣ ይለቃል። ክሪምፑ በትክክለኛው ዳይ ካልተመታ ሽፋኑ በእጅ ሲሳብ ይንሸራተታል። በዓይንህም በእጅህም አረጋግጥ።

ምድረ_ሰማይ

ስለ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲው እኔ ልመልስ። ዛሬ የአነስተኛ አውሮፕላን ፓነል ላይ ያሉት ተቀባዮች የሚሠሩት በኤል1፣ በ1575.42 ሜጋኸርዝ ነው። ኤል5 በ1176.45 ላይ ነው፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ2010 ጀምሮ ከብሎክ ሁለት ኤፍ ጋር ይዘውት መውጣት ጀምረዋል፣ ጋሊሊዮም ኢ5ኤን በዚያው ፍሪኩዌንሲ ያሰራጫል። አዮኖስፌር ሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች በተለያየ መጠን ስለሚያዘገያቸው ተቀባዩ ልዩነቱን ለክቶ ስሕተቱን ራሱ ያወጣል። የዛሬው ኤስባስ ይህን ስሕተት ከምድር ጣቢያዎች በተሠራ ካርታ ነው የሚገምተው።

ቨርጂኒያ ላይ የዛሬው አሠራር ለኤልፒቪ በደንብ ይበቃል፤ አትጠብቅ። ኤል5 ሲመጣ አዲስ ተቀባይም አዲስ አንቴናም ያስፈልገዋል፤ ጂኤ 35 ለኤል1 የተሠራ ነው። ዛሬ የምትዘረጋው አርጂ-400 ግን ያኔም ያገለግላል፤ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ብክነቱ ያንሳል እንጂ አይጨምርም።

ነገሩ ከባድ ትርጉም ያለው ለ@ከቦሌ_ማዶ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ቀበቶ አዮኖስፌሩ በአጭር ርቀት ውስጥ በጣም ይለዋወጣል፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ፣ በተለይም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት ሲግናሉ ይርገበገባል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ኤስባስ እዚህ የሚከብደው ለዚህ ነው። ህንድ ጋጋንን በ2015 ለቋሚ መሪ አፕሮች ያረጋገጠችው ለዚሁ ሰማይ የተለየ የአዮኖስፌር ሞዴል አዘጋጅታ ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ኤልፒቪ በአስተማማኝ ይመጣል የምለው በሁለት ፍሪኩዌንሲ ሲሆን ነው። እስከዚያ ምሽት ላይ ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ ሲወድቁ ካያችሁ አንቴና ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ሰዓቱንና ቀኑን መዝግቡ። በቀን የማይታይ፣ ማታ ብቻ የሚደጋገም ከሆነ ምናልባት ሃርድዌር አይደለም።

ሀንጋር_7

@ላይኛው_ክንፍ፣ ከሱቁ ጋር ከመፈራረምህ በፊት ሰነዱን በውሉ ውስጥ አስገባው። ሥራው በኤኤምኤል ኤስቲሲ (ለብዙ የአውሮፕላን ሞዴሎች በአንድ ላይ በጸደቀ የማሻሻያ ፈቃድ) ይሠራል፤ የአውሮፕላንህ ሞዴል በዝርዝሩ ላይ መኖሩን ራስህ እይ። ሲያልቅ እጅህ መግባት ያለበት የተፈረመ ፎርም 337 (የዋና ማሻሻያ መመዝገቢያ)፣ የበረራ ማኑዋሉ ማሟያ፣ የቀጣይ ጥገና መመሪያው፣ የታደሰ የክብደትና የሚዛን ስሌት፣ የኤሌክትሪክ ጭነት ትንተናና የሎግቡክ ጽሑፍ ነው። ማሟያው አውሮፕላኗ ውስጥ ከሌለ ኤልፒቪ መብረር አይፈቀድልህም።

ሳጥኑ ከፊትህ ርቆ መሃሉ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የኤምኤስጂ፣ የደብሊውፒቲ፣ የተርም፣ የኤፒአርና የኢንቴግሪቲ መብራቶችን ከጠቋሚህ አጠገብ እንዲያስገቡ ኤስቲሲው ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ርቀት አሁን ከመቀመጫህ መሃል በሜትር ለካና ለሱቁ ላክ፤ ፓነሉ ከተዘጋ በኋላ ከተገኘ እንደገና ይከፈታል። የመውጫ በረራውን ደግሞ ኤልፒቪ ባለበት፣ አይኤልኤስም ባለው ሩጫ መንገድ ላይ በጠራ አየር አድርገው። አንዱን በጂፒኤስ፣ ቀጣዩን በቪሎክ (በአይኤልኤስ) ብትበር ቋሚው መርፌ በሁለቱም ትክክለኛ ጎን መውጣቱንና ኬኤፒ 140 ሁለቱንም መያዙን በአንድ ጉዞ ታያለህ። መርፌው ወደ ላይ ሲል አውሮፕላኗ ወደ ላይ መሄድ አለባት፤ የላይና የታች ሽቦ ተገለባብጦ ታስሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ መሬት ላይ በጥገና ገጹ ሙሉ ላይ ሙሉ ታች አዝዘህ አስቀድመህ አረጋግጥ።